ያልተሸጠው ጫካ

ዘ ሄግ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ከፊት ለፊቱ ያለውን መንገድ የተሻገረ ሰው አጋዘን ያያል። በአንድ ወገን የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ረጃጅም ሕንጻዎች ተደርድረዋል፤ በሌላው ወገን ኩካምፕ በሚባለው መስክ አጋዘኖች በአጥራቸው ውስጥ ሣር ይግጣሉ። ከመስኩ ጎን ማሊፌልድ የተባለው ሰፊ ሜዳ አለ። ከሜዳው ወዲያ ደግሞ ሃግሰ ቦስ፣ ማለትም ወደ 100 ሔክታር የሚጠጋው አሮጌ ጫካ ይጀምራል። ሠራተኛው በምሳ ሰዓት ዳቦውን ይዞ ይገባበታል፤ ሯጩ ይሮጥበታል፤ እናቶች ሕፃናቱን በጋሪ ይገፉበታል። ፓርላማውና የዓለም ፍርድ ቤቱ በሚገኙበት፣ መሬት በስንዝር በሚለካበት ከተማ እምብርት ይህ ሁሉ ቦታ ሳይሸጥ እንዴት ቀረ? መልሱን ለማግኘት ወደ 450 ዓመት ግድም ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ወይም «በእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመካከለኛው ዘመን የሆላንድ ባሕር ዳርቻ የአሸዋ ጉብታዎቹን ተከትሎ በሚሄድ ደን የተሸፈነ ነበር። ሃግሰ ቦስ የዚያ ደን ቅሪት ነው። ጫካው የሆላንድ መሳፍንት የአደን ስፍራ ስለነበር ተራው ሰው ለመዝናናት የሚገባበት አልነበረም። የቀረው የአገሩ ዛፍ ለቤት፣ ለመርከብና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። ዛፉ ሲያልቅ ደግሞ ሰዉ መሬቱን ራሱን ማንደድ ጀመረ። ረግረጉን እየቆፈረ፣ ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠረውን ጥቁር አፈር እያደረቀ በምድጃ አነደደው። የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ እየሞላ ሐይቅ ሆነ። በሮተርዳም ዛሬ ጀልባ የሚቀዘፍበት ክራሊንግሰ ፕላስ እንዲህ ከመሰሉት ሐይቆች አንዱ ነው። ዛሬ የውኃ ዳር ውበቱን የምናደንቅለት አገር፣ በከፊል፣ የማገዶ ጉድጓድ ነው።

ወደ 1576 እንምጣ። ሆላንዶች ከስፔን ንጉሥ ጋር በጦርነት ላይ ነበሩ። ላይደን ከከበባ ነፃ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው፤ ወታደሩ ደመወዝ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ዘ ሄግ ዳር ያለው ጫካ ተቆርጦ ቢሸጥ ጥሩ ገንዘብ እንደሚያወጣ ታሰበ። የከተማው ነዋሪዎች ግን አሻፈረን አሉ። የዚያ ክርክር መጨረሻ በሚያዝያ 1576 የተፈረመ አንድ ሰነድ ነው። ሰነዱ ጫካው ከእንግዲህ ወዲያ እንዳይሸጥና እንዳይመነጠር ቃል ይሰጣል። የፈረሙት ሰዎች በነጋታው ስለመኖራቸው እንኳ እርግጠኛ አልነበሩም፤ ጦርነቱ ገና ከ70 ዓመት በላይ ቀርቶት ነበር። የኔዘርላንድን ግብር መሥሪያ ቤት ሰማያዊ ፖስታ ከፍቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሆላንዶች ለወረቀት ያላቸውን እምነት ያውቃል። ያ እምነት ከጥንትም የነበረ ነው፤ አንዳንዴም እንዲህ ያለ ፍሬ አፍርቷል።

በዚያው ዘመን በእኛ አገር የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነበሩ። መንግሥቱ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ በአንድ በኩል ከኦቶማን ቱርክ ጋር እየተዋጋ፣ በሌላ በኩል በእንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ በድንጋይ መገንባት የጀመረበት ጊዜ ነው። ደንን በተመለከተ ግን የእኛ ታሪክ ከሆላንዶቹ ቀድሞ ይነሣል። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከአንኮበር ወገን ካለው ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በወጨጫ ተራራ እንዳስተከሉ ይነገራል። መናገሻ ሱባ የምንለው ደን ያ ነው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ በቅርብ ርቀት ያለው ይህ ደን በሰው እጅ ከተተከሉት የዓለማችን አሮጌ ደኖች አንዱ ነው ማለት ነው።

ከነገሥታቱ ይልቅ ግን ደንን በብዛት የጠበቀልን ደብሩና ገዳሙ ነው። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም የሚጓዝ ሰው የታረሰውንና የተጋጠውን መሬት እያየ ይሄድና፣ ድንገት አንድ ጉብታ ላይ ወይራው፣ ጥዱና ዝግባው ተጠጋግተው የቆሙበት አረንጓዴ ስፍራ ይደርሳል። መካከሉን ሳያይም ቤተ ክርስቲያን እንዳለበት ያውቃል። ከቅጽሩ ዛፍ መቁረጥ ግዝት ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ ማደሻ ካልሆነ በቀር ማንም መጥረቢያ ይዞ አይገባም። የቆሎ ተማሪው በጥላው ቀለሙን ይቀጽላል፤ ሙታን በሥሩ ይቀበራሉ፤ ንቡ፣ ወፉና ጉሬዛው አብሮ ይኖራል። በጣና ዳር በዘጌ ደግሞ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በገዳማቱ ሥርዐት የተከለከለ ነው፤ ሰዉ የኖረው በደኑ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ነው። የሆላንዱ ክልከላ በወረቀት ተጽፎ በፍርድ ቤት የሚጸና ነበር። የእኛው በቃል ተነግሮ በሰማይ የሚጸና ነበር። ሁለቱም ግን ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ቦታውን ከዕለቱ ችግር በላይ አስቀመጡት።

ወደ ዘ ሄግ እንመለስ። በ1645 የልዑል ፍሬድሪክ ሄንድሪክ ባለቤት አማሊያ ፋን ሶልምስ በጫካው ውስጥ ሃውስ ቴን ቦስ የተባለውን የበጋ ቤት ማሠራት ጀመሩ። ፋሲል ግቢ ከተጀመረ ገና አሥር ዓመት ግድም ነበር፤ ሁለቱ ግንቦች እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ በጎንደር የጎብኚ መዳረሻ ሲሆን በሌላው ዛሬም የኔዘርላንድ ንጉሥ ይኖሩበታል። ሜዳው ማሊፌልድ ደግሞ በዚያው ክፍለ ዘመን ባላባቶቹ የእንጨት ኳስ በረጅም መዶሻ የሚመቱበት መጫወቻ ነበር። የአደኑ ስፍራ ቀስ በቀስ የሽርሽር ስፍራ ሆነ። የሽርሽሩ ባለቤት ግን ገና ሠረገላ ያለው ሰው ነው።

በ1899 በሃውስ ቴን ቦስ የ26 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው ስለ ሰላም ተነጋገሩ። የመጀመሪያው የሄግ የሰላም ጉባኤ ይባላል። ዘ ሄግ ዛሬ የዓለም የፍትሕ ከተማ የሚል ስም ያላት ከዚያ ጉባኤ ጀምሮ ነው። ከ45 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ጫካ፣ በዚያው ዛፍ ጥላ ሥር የጀርመን ወታደሮች ፋው 2 የተባለውን ሮኬት አቁመው ወደ ለንደን ይተኩሱ ጀመር። ከዘ ሄግና ከአካባቢዋ የተተኮሱት ከ1,000 ይበልጣሉ። ጫካውን የመረጡት ከሰማይ ስለሚሸሽግ ነበር። ዛፉ ያለ ፈቃዱ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሆነ።

መጋቢት 3 ቀን 1945 ማለዳ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች ሮኬቶቹን ለማጥፋት መጡ። የዒላማ ስሌቱ ተሳስቶ ነበር፤ ቦምቡ ጫካውን ስቶ ከጎኑ ባለው የበዛውደንሃውት ሰፈር ወረደ። ከ500 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤት አልባ ሆኑ። ዛሬ ከጫካው ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ወደዚያ ሰፈር የሚገባ ሰው፣ በአንድ መንገድ ላይ አሮጌውን የጡብ ቤትና ከጦርነቱ በኋላ የተሠራውን ሕንጻ ጎን ለጎን ሲያይ፣ የአንድ ማለዳ ስሕተት ከየት እስከ የት እንደደረሰ በዐይኑ መከተል ይችላል።

ያ ክረምት በሆላንድ የረኀብ ክረምት ይባላል። በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ምግብም ከሰልም ጠፋ፤ ወደ 20,000 የሚገመት ሰው አለቀ። በአምስተርዳም ሰዉ በትራም ሐዲድ መካከል የተነጠፉትን የእንጨት ጡቦች በመዶሻና በቢላ እየፈነቀለ ወሰደ። ወደ ሞት ካምፕ የተጋዙት አይሁድ ጥለዋቸው ከሄዱ ቤቶች ወለሉና ደረጃው ሳይቀር ተነቅሎ ተማገደ። በፓርኮች ያሉ ዛፎች በሌሊት ተቆረጡ። በዘ ሄግም ጀርመኖች ለጦር ምሽግ ጫካውን ጎድተውት ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን የበረደው ሕዝብ ጨመረበት። የ1576ቱ ወረቀት ያን ጊዜ ማንንም አላቆመም። ልጁ በብርድ የሚንቀጠቀጥ አባት ቃል ኪዳን አያነብም፤ ማንም አይፈርድበትም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የሆነው ግን ልብ ሊባል ይገባል። ጫካው ተራቁቷል፣ መሬቱ ክፍት ነው፣ አገሩ ደግሞ ቤት ያስፈልገዋል። ቦታውን ለመሸንሸን ከዚያ የተሻለ ሰበብ አይገኝም ነበር። እነርሱ ግን መልሰው ተከሉት።

እኛም የማገዶ ታሪካችን ከዚህ የራቀ አይደለም። የነገሥታቱ ሰፈር በየጊዜው ከሚነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ በዙሪያው ያለው እንጨት ማለቁ ነበር። እንጦጦ ሲራቆትና ፍል ውኃው ሲወደድ አዲስ አበባ በ1886 ተቆረቆረች። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የእርሷም ዙሪያ ተራቆተና ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ ተነሡ፤ እዚያም ግንባታ ተጀመረ። አዲስ አበባን በቦታዋ ያስቀራት በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦ መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለ ባሕር ዛፍ ክፉም ደግም ይባላል፤ ውኃ ይጠጣል፣ ሌላውን ዕፅ ያጠፋል ይባላል፤ እውነትም አለው። ቢሆንም መናገሻ ሱባና የቀሩት አሮጌ ደኖች እስከዛሬ የደረሱት የከተማው ምድጃ ሌላ የሚበላው ስለተገኘለት ጭምር መሆኑን መርሳት አይገባም።

የሰፊው ሕዝብ ፓርክ ታሪክ የሚጀምረው በአምስተርዳም ነው። በ1865 የተከፈተው ፎንደልፓርክ የባለጸጎች መንሸራሸሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በሠራተኛ ተጨናነቀች። የተፈጥሮ መምህሩ ያክ ታይሰ የከተማ ልጅ በእግሩ የሚደርስበት ጫካ ያስፈልገዋል እያሉ ይጽፉና ይወተውቱ ነበር። በ1919 የወጣው የሥራ ሕግ የሥራውን ቀን 8 ሰዓት አደረገው። ያን ጊዜ በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደብና የፋብሪካ ሠራተኛው የራሱ የሆነ ምሽትና ቅዳሜ ከሰዓት አገኘ። ዕረፍቱ ሲመጣ ማረፊያው የት ነው የሚለው ጥያቄ ተከተለ። በ1928 የከተማው ምክር ቤት መልስ ሰጠ። ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በታች በሚገኝ እርጥብ የግጦሽ መሬት ላይ፣ ከባዶ ተነሥቶ ጫካ ይተከላል ተባለ።

ንድፉን የመሩት ኮርኔሊስ ፋን ኤስተረንና ያኮባ ሙልደር ናቸው። ሙልደር ያን ጊዜ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለች ሴት ነበረች፤ ኋላም የከተማዋን የፕላን ክፍል እስከ መምራት ደርሳለች። ሐሳባቸው ለዐይን የሚያምር የአትክልት ስፍራ አልነበረም። ሰዉ የሚዋኝበት፣ የሚቀዝፍበት፣ ኳስ የሚጫወትበት፣ ሣሩ ላይ የሚተኛበት ቦታ ፈለጉ። ውኃ በቋጠረ መሬት ላይ ደግሞ ዛፍ ዝም ብሎ አይበቅልም። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የማጠንፈፊያ ቱቦ ከመሬት በታች ተቀበረ። ቀጥሎ እርጥበት የሚችሉትና ቶሎ የሚያድጉት ዛፎች ተተከሉ፤ አኻያና ፖፕላር የመሳሰሉት። እነዚህ አፈሩን እያደረቁ፣ ነፋሱን እየከለከሉ፣ በጥላቸው ሥር ኦክና ቢች ቀስ ብለው እንዲያድጉ አደረጉ። ትልልቆቹ ሲጠነክሩ ሞግዚቶቹ ይቆረጣሉ። ይህን ያቀዱት ሰዎች የመጨረሻውን ጫካ አርጅተውም እንኳ እንደማያዩት ያውቁ ነበር። ተከላው የተጠናቀቀው በ1970 ነው።

ሥራው በ1934 ሲጀመር ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነበር። ቆፋሪዎቹ ሥራ አጦች ናቸው፤ በዓመታቱ ውስጥ ወደ 20,000 ሰዎች ተፈራርቀውበታል። ማሽን እያለ ብዙ እጅ እንዲሠራበት ሲባል በአካፋና በእጅ ጋሪ ተቆፈረ። ከመካከላቸው ጸሐፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ አልማዝ ቀራጭ የነበረ ሰው ይገኝ ነበር፤ በሕይወቱ ጭቃ ዝቆ የማያውቅ። አልሠራም ያለ የመንግሥት ድጎማው ይቋረጥበታል። እንግዲህ ስጦታ ብቻ አልነበረም፤ በምርጫና በግዴታ መካከል ያለ ሥራ ነበር። የቀዘፋ ውድድር የሚካሄድበት ቦስባን በእነዚህ እጆች ተቆፍሮ በ1937 ተከፈተ። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ተከምሮ በጫካው ውስጥ ኮረብታ ሆነ። በዚያ ጠፍጣፋ አገር ልጆች በበረዶ ጊዜ በመንሸራተቻ የሚወርዱበት ያ ኮረብታ የሥራ አጦች ክምር ነው። ቆፋሪዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ የፋሺስት ኢጣልያ ሠራዊት መረብን ተሻግሮ ወደ አገራችን ገባ።

እዚህ ላይ የእኛ ትውልድ የሚያውቀው ታሪክ ይመጣል። ከ1966ቱና ከ1977ቱ (በእኛ አቆጣጠር) ድርቅ በኋላ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሰሜን ሸዋና በሌላውም ገበሬው በምግብ ለሥራ ተሰማርቶ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ። የዕለት ክፍያው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። የተራበ ሰው አካፋ ይዞ የሚተክለው ዛፍ ከአምስተርዳሙ ሥራ አጥ ዛፍ በምን ይለያል? በጉልበቱም በችግሩም አይለይም። ልዩነቱ የታየው ኋላ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በብዙ ቦታ ገበሬው ያንኑ በእጁ የተከለውን ደን በሳምንታት ውስጥ ጨፈጨፈው። እርከኑንም ያፈረሰ ነበር። ይህን የድንቁርና ሥራ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። መሬቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ ተከላው የታዘዘው ከላይ ነው፤ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚጠቀምበት ለገበሬው ግልጽ አልነበረም። ገበሬው የቆረጠው የመንግሥትን ዛፍ ነው፤ መንግሥት ሲሄድ የመንግሥት ዛፍ ባለቤት አልነበረውም። በዚያው ሰሞን፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀበሌ፣ የደብሩ ቅጽር ዛፍ እንደቆመ ነበር።

የአምስተርዳሙ ጫካ ያልተቆረጠው ሆላንዶች ከእኛ ስለሚሻሉ ይመስለናል፤ የ1945 ክረምት ግን ይህን አያስብለንም። ዋናው ነገር ሥራው ሲጀመር ጫካው የከተማው ሕዝብ እንዲሆን መወሰኑ ነው። ምክር ቤቱ ሲለዋወጥ፣ ወራሪ ሲመጣና ሲሄድ፣ ጥያቄው ተመልሶ አልተከፈተም። ቆፋሪው በእሑድ ቀን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በቆፈረው ውኃ ዳር መቀመጥ ቻለ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል።

ስለ ሮተርዳም ባጭሩ ልበል። ክራሊንግሰ ቦስ ከወደቡ ቁፋሮ በወጣ ጭቃ በተደለደለ መሬት ላይ የተተከለ ነው፤ ከዓለም ትልልቅ ወደቦች አንዱ ከራሱ ጭቃ ጫካ ወልዷል።  በ1970 በጋ በዚያ ጫካ መስክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለሦስት ቀን ሙዚቃ ተሰበሰቡ። በሐይቁ ዳር የቆሙት ሁለቱ የነፋስ ወፍጮዎች ዴ ስተርና ዴ ሌሊ የቅመምና የሱረት ወፍጮዎች ናቸው። በነፋሻ ቀን አጠገባቸው ያለፈ ሐበሻ ሽታው የእናቱን ጓዳ ያስታውሰዋል።

እኛ ወደዚህ ታሪክ የገባነው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ ኔዘርላንድ የመጡት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ቀይ ሽብርን፣ ጦርነትንና ረኀብን ሸሽተው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዛሬ አያቶች ሆነዋል። በበጋ ቅዳሜ በሦስቱም ከተሞች ጫካ ውስጥ የእኛን ሰው ማግኘት ቀላል ነው። እሳት በተፈቀደበት ቦታ ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ ጥብሱ በአዋዜ ይቀርባል፤ እንጀራው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከቤት መጥቷል። እናቶች ጀበናውን ከነረከቦቱ በብስክሌት ቅርጫት ያመጡታል። ልጆቹ በደችኛ እየተጯጯሁ ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዲት አዛውንት «ኧረ ቀስ በሉ፣ ቡናውን ትደፉብኛላችሁ!» ይላሉ በአማርኛ። በማሊፌልድ ደግሞ ሰልፍ ወጥተናል፤ እርስ በርስ የማንስማማው ሁላችንም በየተራ። በ1983 ሆላንዶች የኑክሌር መሣሪያን በመቃወም ወደ 550,000 ሆነው የወጡበት፣ በ2019 ገበሬዎች ትራክተራቸውን የነዱበት ሜዳ ነው። የ1576ቱ ቃል ሜዳውንም ይጨምራል።

ቃሉ ሁልጊዜ ተከብሯል ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ ኡትረኽትሰባን የተባለው የመኪና መንገድ ሜዳውንና ጫካውን ለሁለት ከፍሎ አለፈ። ያኔ ቃል ኪዳኑ 400ኛ ዓመቱን እያከበረ ነበር። በ2023 የአየር ንብረት ተሟጋቾች ለሳምንታት በየቀኑ የተቀመጡትና ፖሊስ በውኃ የበተናቸው በዚያው መንገድ ላይ መሆኑ ነገሩን የተሟላ ያደርገዋል። በአምስተርዳሙም ጫካ ላይ የስኪፕሆል አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ የአሽ ዛፎችን ደግሞ ፈንገስ እየጨረሳቸው ነው። ጫካ አንዴ ተተክሎ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ በየትውልዱ የሚከራከርለት ይፈልጋል።

አዲስ አበባም የራሷ ማሊፌልድ አላት። ጃንሜዳ የጥምቀት ማደሪያ፣ የፈረስ ጉግስ፣ የሩጫና የኳስ ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደዚያ ተዛወረ፤ ለጊዜው ተብሎ። ወራት አለፉ፤ ሜዳው በድንኳን፣ በጭቃና በጎመን ልጣጭ ተሸፈነ። ቀጣዩ ጥምቀት ሲቃረብ ሕዝቡ ድምፁን አሰማ፤ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ፤ ወጣቶች መጥረጊያና አካፋ ይዘው ሜዳውን አጸዱ፤ ታቦታቱ ወረዱ። ያ ሜዳ የዳነው በወረቀት አይደለም። ሰዉ «ይህ የኛ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ታቦት ያድርበታል» ስላለ ነው። ይህን ጉልበት የማያይ የከተማ ዕቅድ አንድ ዐይኑን ጨፍኗል።

ዛሬ በአገራችን እንደ አዲስ መትከል ተጀምሯል። በ2020 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ የከተማውን ልጅ ወደ ተራራው መልሶታል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፣ ቁጥሩም በየዓመቱ ይነገራል። እኔ የምፈልገው ግን ከ30 ዓመት በኋላ የሚነገረውን ቁጥር ነው፤ ስንቱ ጸደቀ፣ ስንቱስ ለሕንጻ ተቆረጠ። ዐዋጅ ከመንግሥት ጋር ሊሻር እንደሚችል በ1983 ዓ.ም. አይተናል። ግዝትም ብቻውን አይበቃም፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን ከዳር ከዳሩ በእርሻና በከብት እየተገፋ ጠብቧል። በአንዳንድ ደብር ምእመናኑ ተባብረው ከእርሻቸው ድንጋይ እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ድንጋዩ ሲለቀም እርሻው ይጸዳል፣ ካቡ ሲቆም ከብቱ አይገባም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም በካቡ ውስጥ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ካቡ ገበሬውንም ደኑንም ስለጠቀመ ቆመ። የሆላንዱን ሰነድና የእኛን ግዝት ካጣመሩ ሰዎች ይህን ካብ የሠሩት በተግባር ይቀድማሉ ባይ ነኝ።

የሃግሰ ቦስ ቃል ኪዳን 450ኛ ዓመት በ2026 ነው። በሦስቱ ከተሞች የምንኖር ወገኖች በሚቀጥለው በጋ ከሰላችንን ይዘን ስንወጣ ለልጆቻችን ቦታው በምን እንደቆየ እንንገራቸው፤ የሥራ አጦቹን ኮረብታ እናሳያቸው፤ መናገሻ ሱባንና ዘጌንም ጨምረን እንንገራቸው። በየማኅበሮቻችንም ለአገር ቤት ችግኝ ገንዘብ ስናዋጣ፣ የቦታው ካርታ በማን ስም እንደወጣ፣ ዛፉ ሲደርስ ጥቅሙ ለማን እንደሆነ፣ በመንደሩ ማን እንደሚጠብቀው ደፍረን እንጠይቅ። ለተከላው የምናዋጣውን ያህልም ለካቡና ለጥበቃው እናዋጣ።